ልጃችሁ ናቹራል ከመምረጡ በፊት አራት ኪሎን አዙሩት

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲባል የሚሰጣቸው መልሶች የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም። ዶክተር። ኢንጂነር። ፓይለት። አሁን አሁን «ፕሮግራመር» የሚልም መጥቷል። በልጁ አትፍረዱ፤ የሚያውቀው ያየውን ነው። ዶክተሩን ጉንፋን ይዞት ሲታከም አይቷል። ኢንጂነሩን ሰፈሩ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ሄልሜት አድርጎ ሲያዝ አይቷል። አውሮፕላኑም ወደ ቦሌ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ በየቀኑ ያያል። የዕፅዋት ተመራማሪ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚከታተል ባለሙያ፣ ለካንሰር ታማሚ የጨረር መጠን የሚያሰላ ፊዚሲስት ግን ማንም አላሳየውም።

ቤተሰብም ከዚህ አይሻልም። «ጎበዝ ስለሆነ ናቹራል ይግባ፣ ሐኪም ይሆናል» ይባላል። ነጥቡ ዝቅ ካለ ደግሞ «እንግዲህ ሶሻል» ይባላል፣ ልክ እንደ ቅጣት። በሁለቱም በኩል ስለ ሥራው ምንነት የተወራ ነገር የለም።

የሚያስቆጨው ሙያዎቹ ሩቅ ሀገር አለመሆናቸው ነው። አብዛኞቹ ከአራት ኪሎ በእግር፣ ቢበዛ በአንድ ወይ በሁለት ታክሲ ይደረስባቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙያዎቹን እንያቸው። የክፍሉና የፈተናው ጣጣ ቀጥሎ ይመጣል።

አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት አዲስ አበባ ስትነቃነቅ ታስታውሳላችሁ። መብራቱ ይወዛወዛል፣ ሰው በሌሊት ልብሱ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይወርዳል። መነሻው ከከተማዋ ርቆ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነበር። ያን ሰሞን በየቴሌቪዥኑ እየቀረቡ የሚሆነውን ሲያስረዱን የነበሩት የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች ከየት እንደመጡ ስንቶቻችን ጠየቅን? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ያለው አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ነው። ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ነው። ዕድሜው ከብዙዎቻችን ይበልጣል።

እዚያ የሚሠራ ሰው ቀኑን በምን ያሳልፋል? በተለያየ ቦታ የተተከሉ መሣሪያዎች የላኩትን ሞገድ ኮምፒውተር ላይ ያነባል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካል። አንዱ ፈጣን ነው፣ ሌላው ወደኋላ ይቀራል። ሁለቱ አንድ ጣቢያ የደረሱበት ሰዓት ልዩነት መነሻው ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። ከሦስት ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ርቀት ከተገኘ የተነሳበት ቦታ ይታወቃል። ልብ በሉ፤ ይህ ፍጥነት፣ ርቀትና ጊዜ ነው። ልጁ ዛሬ ክፍል ውስጥ «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራልኛል?» እያለ የሚያማርርበት ቀመር ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ያው ባለሙያ መኪና ይዞ ቆላ ይወርዳል። የጣቢያውን ባትሪ ይቀይራል፣ የሶላር ሰሌዳውን አቧራ ይጠርጋል፣ የተበላሸ ገመድ ይፈልጋል። ቢሮ መቀመጥ የማይወድ ልጅ ይህን ቢሰማ ጆሮው ይቆም ነበር።

እዚያው አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። ደርቀው፣ ተጫጭነው፣ ስማቸውና የተገኙበት ቦታ ተጽፎባቸው የተቀመጡ ዕፅዋት ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች እንዳሉ የምናውቀው እንዲህ ያለ ሥራ ስለተሠራ ነው። አንድ ሰው «ይህ ቅጠል መድኃኒት ነው» ቢል፣ ቅጠሉ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገረው የዕፅዋት ባለሙያው ነው። ይህ ስህተት ከተፈጠረ ከዚያ በኋላ ያለው የላብ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቅጠልን ካነሳን የእንዶድ ነገር መዝለል አይቻልም። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ ነበር። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ውሃ ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት ነገር የበሽታውን አስተላላፊ ይገድል ነበር። ይህን ከዚያ በፊት ብዙ ሰው አይቶት ሊሆን ይችላል። እሳቸው ግን «ለምን?» ብለው መጠኑን ለኩ፣ ላብ ወስደው ሞከሩ፣ ደገሙት። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከሥራ ባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እሳቸው የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬም በስማቸው ይጠራል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ይህን ታሪክ ለልጅ ስትነግሩ ሽልማቱን ቶሎ እለፉት። የሚጠቅመው ሞተው የተገኙት ቀንድ አውጣዎች ላይ ያለው ክፍል ነው።

ወደ አምስት ኪሎ ሲወጡ

አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂው ግቢ ነው። እዚህ ላይ «ኢንጂነር» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ የሚሸፍን መሆኑን ልጁ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ሕንፃና መንገድ የሚሠራው ሲቪል ነው። የኬሚካል ኢንጂነር ሳሙና፣ ሲሚንቶ፣ ዘይት የሚመረትበትን ሂደት ይነድፋል። የባዮሜዲካል ኢንጂነር ሆስፒታል ውስጥ ያለውን ማሽን ይተክላል፣ ይጠግናል፣ ልኩን ያስተካክላል። ሆስፒታል ሄዳችሁ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተብላችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ የዚህ ሰው እጥረት ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም።

ከአምስት ኪሎ ትንሽ ከፍ ብሎ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ልጆች በትምህርት ቤት ጉብኝት ድንቅነሽን ሊያዩ ይሄዳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይመለሳሉ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቁጥር ይሸመድዳሉ። «ይህን ቁጥር ማን አወቀው? እንዴት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። መልሱ ድንጋዩ ውስጥ ነው። አፋር የእሳተ ገሞራ ሀገር ስለሆነ በየዘመኑ የወረደ አመድ ንብርብር ሆኖ ተቀምጧል። ጂኦሎጂስቱ ከአጥንቱ በላይና በታች ያለውን አመድ ወስዶ፣ በውስጡ ያለውን የአርጎን ጋዝ ለክቶ የአመዱን ዕድሜ ያሰላል። የአጥንቱ ዕድሜ በሁለቱ መካከል ነው። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦሎጂ ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ቡድናቸው ዲኪካ ላይ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ሕፃን አጽም፣ ሰላምን አገኘ። አጥንቷ ከደነደነ አሸዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። ፕሮፌሰሩ አሸዋውን በጥርስ ሐኪም መቦርቦሪያ ቅንጣት በቅንጣት ያነሱ ነበር። ሥራው ዓመታት ወሰደ። ለዓለም ይፋ የሆነችው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው። እኔ ይህን ለልጆች ስነግር ሁለት ዓይነት ፊት አያለሁ። አንዱ «አይ፣ እብድ እሆናለሁ» ይላል። ሌላው ዓይኑ ያበራል። ሁለቱም ስለራሳቸው አንድ ነገር አወቁ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አጥንትና ጥንታዊ ነገር የሚወድ ልጅ የግድ ናቹራል ብቻ አይደለም መንገዱ። በጂኦሎጂ ወይም በባዮሎጂ በኩል ሊገባበት ይችላል። አርኪዮሎጂ ደግሞ ከሶሻል በኩል ይገኛል። ካርታና የሳተላይት ምስል የሚያነብ የጂአይኤስ ባለሙያም ከጂኦግራፊ ሊመጣ ይችላል። «ሶሻል ከገባህ ሳይንስ ቀረብህ» የሚሉት ነገር እንግዲህ ሙሉ እውነት አይደለም።

ቁልቁል ወደ ጥቁር አንበሳ

ጥቁር አንበሳ ሲባል ሁሉም ሐኪም ያስባል። እዚያ ግን ሐኪም ያልሆኑ፣ ሐኪሙ ያለነሱ መሥራት የማይችል ብዙ የሳይንስ ሰዎች አሉ። የጨረር ሕክምናን ውሰዱ። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛው ቦታ ነበር። ጨረሩ ዕጢውን እንዲመታ፣ ጤናማውን አካል ደግሞ በተቻለ መጠን እንዲተው መጠኑንና አቅጣጫውን የሚያሰላው ሜዲካል ፊዚሲስት ይባላል። ፊዚክስ ተምሮ ከዚያ በሕክምና ፊዚክስ የሠለጠነ ሰው ነው። «ፊዚክስ ተምሮ አስተማሪ ከመሆን ሌላ ምን ይሠራል?» ለሚለው ጎረቤት ይህን ንገሩት። (አስተማሪ መሆንስ ምን ነውር አለው? እሱን ሌላ ቀን።)

የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስቱ፣ ፋርማሲስቱ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው አንስቴቲስት፣ የራጅ ባለሙያው ሁሉ የየራሳቸው ትምህርት አላቸው። ከጳውሎስ ሆስፒታል ጎን፣ ሰፈሩ ራሱ ፓስተር የሚባልበት ቦታ፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ድሮ የፓስተር ተቋም የነበረው ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲመረትበት የኖረ ቤት። በኮሮና ጊዜ በየቀኑ «ይህን ያህል ሰው ተመረመረ» ሲባል የነበረው ቁጥር የሚሰበሰበው እዚያ ነበር። ወረርሽኝ የሚከታተለው ኤፒዲሚዮሎጂስት ከመርፌ ይልቅ ስልክና የቁጥር ሠንጠረዥ ይዞ ይውላል። ደም ማየት የሚያዞረው ልጅ የሰውን ጤና ከመጠበቅ ሥራ አልወጣም ማለት ነው።

በሜክሲኮ በኩል የሚያልፍ ሰው ደግሞ አንዳንድ ቀን የብቅል ሽታ ያገኘዋል። ለልጆች ምሳሌ ማድረጌን ይቅር በሉኝና፣ ቢራ ፋብሪካ ያለ ኬሚስትና ያለ ማይክሮባዮሎጂስት አንድ ቀን አይሠራም። ወተትም፣ የታሸገ ውሃም፣ ዳቦም እንዲሁ። ከቧንቧችን የሚወርደው የለገዳዲ ውሃ ክሎሪኑ በዛ ወይ አነሰ የሚል ሰው አለው።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው፣ አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። የከተማ ልጅ እርሻ ሲባል ሞፈርና ቀንበር ብቻ ይታየዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የተማሩት እርሻ ነው። አቀንጭራ የሚባለውን ማሽላ የሚመጥ አረም የሚቋቋም ዝርያ አውጥተው በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ናቸው። ናይሮቢ ያለውን ትልቁን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለዓመታት መርተዋል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የሎሪያል ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አሸንፈዋል። እሳቸው ከፍኖተ ሰላም ተነስተው ነው እዚያ የደረሱት። ለሴት ልጃችሁ «ነርስ ብትሆኚ ይሻልሻል» ከማለታችሁ በፊት ይህንንም ንገሯት። ነርስ መሆን ከፈለገች ደግሞ ይቅናት፤ ምርጫው ግን ከአንድ ነገር ብቻ አይሁን።

ውሳኔው መቼ መቼ ይመጣል?

አሁን ወደ ትምህርቱ። ወላጆች የሚያውቁት ሥርዓት እነሱ የተማሩበትን ነው፤ ችግሩም እዚህ ጋ ይጀምራል። «አሥረኛ ክፍል ማትሪክ ነው» የሚል አባት ዛሬም አለ። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። አሁን ያለው 6፣ 2፣ 4 ነው፦ አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ። አዲስ አበባ ውስጥ 6ኛና 8ኛ ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ፤ ልጆቹ ሁለቱንም «ሚኒስትሪ» ነው የሚሏቸው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ውሳኔ የሚመጣው 11ኛ ክፍል ሲገቡ ነው። ናቹራል ወይስ ሶሻል። ያኔ ልጁ 16 ወይ 17 ዓመቱ ነው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በአንድ በኩል፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ በሌላ በኩል ይሆናሉ። እንግሊዝኛና ሒሳብ ሁለቱም ጋ አሉ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን የሚል ፖሊሲ ነበር። «ጎበዝ ከሆንክ ናቹራል» የሚለው አባባል በየቤቱ የገባው ከዚያም የተነሳ ይመስለኛል። ፖሊሲው ቢቀየርም አባባሉ ቀረ።

ሁለቱ መንገዶች እኩል ክፍት አይደሉም። ናቹራል የተማረ ልጅ ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሕግ ወይም ወደ ኢኮኖሚክስ የሚዞርበት ዕድል ብዙ ጊዜ ይኖራል። ሶሻል የተማረ ልጅ ግን ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ልግባ ቢል በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ በእርግጥ ያልወሰነ፣ ሒሳብና ፊዚክስም የማያስጠላው ልጅ ናቹራል ቢገባ ጊዜ ይገዛል። ፊዚክስ ሲከፍት እንቅልፉ የሚመጣ ልጅን ግን በ«ጊዜ ይገዛል» ሰበብ ማስጨነቅ ኃጢአት ነው። ውጤቱ 12ኛ ላይ ይታያል።

12ኛ ክፍል እንግዲህ ትልቁ ወንፊት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ሲጀምሩ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሀገር ደነገጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተሰጠው ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። እያደገ ነው፣ አሁንም ግን ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው መስመሩን አያልፍም። ይህን ቁጥር ያመጣሁት ለማስፈራራት አይደለም። የልጅን የወደፊት ሕይወት በአንድ ፈተናና በሁለት የሙያ ስም ላይ ብቻ ማሰር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። 50 ላልሞላ ተማሪ ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ፕሮግራም አለ፤ ለወራት ተምሮ፣ ተፈትኖ ካለፈ ፍሬሽማን ይገባል። ሁሉም ግን አይመደብለትም።

ግቢ ገባ እንበል። አንደኛ ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ የጋራ ኮርሶች ይወሰዳሉ። ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር እዚህ አለ። ልጁ «ኢንጂነሪንግ» ወይም «ጤና» ገባ ተብሎ ቢደገስለትም፣ ዲፓርትመንት የሚመደበው በፍሬሽማን ውጤቱና በሞላው ምርጫ ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር «ከማትሪክ ጭንቀት ትንሽ ልረፍ» ብሎ ያሳለፈ ልጅ የፈለገውን ዲፓርትመንት የሚያጣው ያን ጊዜ ነው። 12ኛ ላይ ሰቃይ የነበሩ ልጆች እዚህ ሲንሸራተቱ አይተናል።

ከዚያ የዓመቱ ነገር። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ስታትስቲክስ፣ ጂኦሎጂ ከፍሬሽማን ጋር 4 ዓመት ናቸው። ኢንጂነሪንግ 5። ሕክምና ኢንተርንሺፑን ጨምሮ 7 ዓመት ገደማ፤ ስፔሻሊስት ለመሆን ሌላ ዓመታት ይጨመራሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በግልም በመንግሥትም የተማረ ሁሉ ዲግሪውን ለመያዝ ይህን ማለፍ አለበት። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው የሚል ካለም ኮስት ሼሪንግ የሚባል የወጪ መጋራት ውል መኖሩን ይወቅ። ልጁ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍለዋል።

ዩኒቨርሲቲ መምረጥም የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም ለብቻ ሲፈትኑ ቆይተዋል። ግን ሜትሮሎጂ መማር የሚፈልግ ልጅ አርባ ምንጭን ማሰብ አለበት። እርሻ ከሆነ ሐረማያ አለ። እንስሳት ሕክምና ደግሞ ቢሾፍቱ፣ ራሱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ። «ከቤት አይራቅብኝ» የሚለውን የእናት ነገር እረዳለሁ፣ ግን ትምህርቱን ሳይሆን ከተማውን መርጦ ያለፍላጎቱ አራት ዓመት የሚማር ልጅ ብዙ ነው።

ስለ ሥራ ደግሞ ሳላድበሰብስ ልናገር። ሐኪም ከሆነ ሥራ አያጣም የሚለው የድሮ ዋስትና ላልቷል። ተመርቆ ቅጥር የሚጠብቅ ወጣት ሐኪም ዛሬ ብርቅ አይደለም። ንጹህ ሳይንስ ተምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የምርምር ሥራ ማግኘትም አስቸጋሪ ነው፤ ማስተርስ ያስፈልጋል። ልጁ ይህን አሁኑኑ ይስማ። ሰምቶ የሚመርጥ ልጅ ኋላ ላይ በወላጁ አያማርርም።

በቴክኒክና ሙያ በኩል

ሜክሲኮ አካባቢ ተግባረ እድ አለ። ከሰማኒያ ዓመት ያላነሰ ታሪክ ያለው ቤት ነው። እንጦጦና ዊንጌትም አሉ። ቴክኒክና ሙያ «የወደቀ የሚገባበት» ተብሎ ስሙ ጠፍቷል፤ ይህ የኛ የወላጆች ጥፋት ነው። ትምህርቱ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። በየደረጃው ሲኦሲ የሚባል የብቃት ምዘና አለ። ኤሌክትሮኒክስ፣ አውቶሞቲቭ፣ አይሲቲ፣ የማሽን ሥራ ሁሉ በእጅ የሚሠራ ሳይንስ ነው። እጁ የማያርፍ፣ ቤት ያለውን ሬዲዮ ፈታቶ የሚገጣጥም፣ ወረቀት ላይ ግን ነጥብ የማያመጣ ልጅ አለ። እሱን አራት ዓመት በሽምደዳ ከማድከም እዚህ ማስገባት ይሻላል። ከደረጃው ወደ ዲግሪ የሚያሻግር መንገድም አልተዘጋም።

ከአሁኑ ምን ይደረግ?

7ኛ፣ 8ኛ፣ 9ኛ ክፍል ላለ ልጅ ሙያ መምረጥ ግዴታ አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ እንዳይጠፋበት መጠበቅ ነው።

አንደኛው ሒሳብ ነው። ከላይ የጠራኋቸውን ሙያዎች መልሳችሁ እዩ፤ ሞገድ የሚያሰላው፣ አመድ የሚለካው፣ የጨረር መጠን የሚወስነው፣ ወረርሽኝ የሚከታተለው። ሁሉም ጋ ሒሳብ አለ። ባዮሎጂ የጎደለው ልጅ ኋላ አንብቦ ይደርስበታል። ሒሳብ ግን የታችኛው ሳይያዝ የላይኛው አይገባም። የ7ኛ ክፍል ክፍልፋይና አልጀብራ የከበደው ልጅ 11ኛ ላይ ፊዚክስ የጠላ ይመስለዋል፤ የጠላው ፊዚክሱን አይደለም። ቱቶር መቅጠር ከቻላችሁ ገንዘቡን 12ኛ ላይ ከምታፈሱት 7ኛና 8ኛ ላይ አውሉት።

ሁለተኛው እንግሊዝኛ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ልጅ የሚወድቀው ሐሳቡ ከብዶት ሳይሆን ጥያቄው ምን እንደሚል ስላልገባው ነው። ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ወይም ቤት በሚነገረው ቋንቋ፣ አስረዱት። ከዚያ መጽሐፉን ይክፈት።

የሚታዩ ነገሮችም አሉ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሳይንስ ሙዚየም አለ፣ ወዳጅነት ፓርክ አጠገብ፤ ክብ ጣሪያው ከሩቅ ይታያል። በየዩኒቨርሲቲው የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንጂነሪንግና የሒሳብ) ማዕከላት ተከፍተው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የላብ ሥልጠና ይሰጣሉ። ኮድ መማር ለሚፈልግ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ስልክና ትዕግሥት ይበቃል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሠራተኛውን ማናገር ነው። የትኛውም ቤተሰብ ውስጥ አንድ የላብ ሰው፣ አንድ የመብራት ኃይል ሰው፣ አንድ የግብርና ባለሙያ አይጠፋም። በዓል ሲመጣ ቤት ይሰበሰባሉ። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጡት። ጥያቄው «ሥራህ ጥሩ ነው?» አይሁን። ያ ጥያቄ ሁልጊዜ «ተመስገን» የሚል መልስ ነው የሚያመጣው። «ጋሼ፣ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ይበል። «ከሥራዎ የሚያሰለችዎት የቱ ነው?» ይበል። «ተመርቀው ሥራ እስኪያገኙ ስንት ጊዜ ጠበቁ?» ይበል። «ደመወዝ ስንት ነው?» ማለት ያሳፍረው ከነበረ «ጀማሪ ሰው በዚህ ሥራ ቤት ተከራይቶ ይኖራል?» ቢል ያው ነው። የሥራው አሰልቺ ነገር ልጁን ካላስፈራው ሙያው ሊስማማው ይችላል።

መምህራን ተቋማቱን ማስጎብኘት ከፈለጋችሁ ነገሩ ከምታስቡት ይቀላል፣ በደብዳቤ ከሆነ። በር ላይ ሄዶ መለመን ዋጋ የለውም፤ ጥበቃው ይመልሳችኋል፣ ሥራው ነው። ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጻፍ። የልጆቹ ብዛት፣ ክፍላቸው፣ አብሯቸው የሚሄደው መምህር ስምና ስልክ ይኑርበት። ሦስት አማራጭ ቀን ስጡ። 60 ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ፤ 20 ይበቃል፣ ላብ ውስጥ ከዚያ በላይ አይቆምም። ደብዳቤው ላይ «ለጉብኝት» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ «አንድ ባለሙያ የዕለት ሥራውን ለግማሽ ሰዓት እንዲያስረዳን» በሉ። «ጉብኝት» ካላችሁ ኮሪደር ያሳዩዋችኋል። ከሳምንት በኋላ ደውሉ፣ ካልተመለሰ ቅጂውን ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱና የገቢ ቁጥሩን ጠይቁ። የፈተና ሰሞንን ግን ሽሹ፤ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ።